የገዛነውን ላፕቶፕ የራሳችን ስለ ማድረግ

በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



 የምንናገረው ስለ ታላቅ ነገር አይደለም፤ ሁላችንም በቦርሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ላፕቶፕ ነው። እኛ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባለው ሰፈር ውስጥ ክፍል ተከራይተን የምንኖር አምስት ተማሪዎች ነን። በዚህ ዓመት የአምስታችንንም ላፕቶፕ ከዊንዶውስ አላቅቀን ሊነክስ ወደሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አዛውረናል። ጓደኞቻችን በካፌም በታክሲ ሰልፍም «ምን አስጨነቃችሁ?» እያሉ ስለሚጠይቁን፣ ለእያንዳንዱ በየመንገዱ ከመመለስ አንድ ጊዜ በጉባኤ መመለስ ይሻላል ብለን መጣን።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ኮምፒዩተሩ ከተከፈተበት ጊዜ አንሥቶ እስኪዘጋ ድረስ ዲስኩን፣ ራሙን፣ ስክሪኑንና ቍልፎቹን የሚያስተዳድር፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ በየተራቸው የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም ነው። በአማርኛ «ሥርዓተ ክወና» የሚሉት ሊቃውንት አሉ። ቃሉን አንጠላውም፤ ነገር ግን በመርካቶም በግቢያችንም ሲነገር ስላልሰማነው ለዛሬ እንተወው።

በሌላ አገር ስለ ክፍት ሶፍትዌር የሚሰብኩ ሰዎች አስቀድመው የሚያነሡት ዋጋውን ነው፤ «ገንዘብ አይከፈልበትም» ይላሉ። ይህ ስብከት በአዲስ አበባ ሰሚ የለውም። በከተማችን ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ፈቃድ የሚከፍል ተማሪ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። ዊንዶውሱም፣ ዎርዱም፣ አንቲቫይረሱም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል፤ ቢበዛ ለጫነው ልጅ የድካሙ ይሰጠዋል። ስለዚህ እኛ «ነጻ ነው» ብንላችሁ «የኛስ መቼ ተከፈለበት?» ብላችሁ ትስቃላችሁ፤ መሳቃችሁም ትክክል ነው። ክርክራችን የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶቻችን። ያለ ፈቃድ በተገለበጠ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሲበላሽበት ለባለቤቱ አቤት ማለት አይችልም። ሕጉም አለ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከሙዚቃ ጋር አብሮ በጥበቃው ውስጥ አስገብቶታል። ከሕጉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ግን «ክራክ» የሚባለው፣ የተዘጋውን ፕሮግራም ለመክፈት የሚሰጠው ትንሽ ፋይል ነው። ይህ ፋይል ሲመጣ «ከመጫኑ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፉት» የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል። ዘበኛውን አሰናብቶ የማያውቀውን ሰው በሌሊት ቤቱ የሚያስገባ ማን ነው? የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተ ሰብ ፎቶግራፍና የባንክ ምስጢር ቍጥር በተቀመጠበት ቤት ግን ይህ በየቀኑ ይደረጋል።

ኮልፌን የሚያውቅ ሁሉ አጠና ተራን ያውቃል። ሰው ከዚያ አጠና ገዝቶ ሲሄድ ለአጥር ያደርገዋል፤ ለጣሪያ ያደርገዋል፤ ቢሻው ፈልጦ ያነደዋል። ሻጩ በማግሥቱ ቤቱ ድረስ መጥቶ «ይህን ለአጥር እንጂ ለማገር አልሸጥሁልህም፤ ለጎረቤትህም እንዳታውስ» ቢለው ሰፈሩ ሁሉ ይሰበሰብበት ነበር። የዝግ ሶፍትዌር ውል ግን እንደዚሁ ነው። ገንዘቡን እስከ ሳንቲሙ ብትከፍሉ እንኳ የምትገዙት የመጠቀም ፈቃድን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ ውስጡን መርምሮ ማስተካከልና ለወዳጅ ማካፈል የተከለከለ ነው። ክፍት ሶፍትዌር ግን ፕሮግራመሩ የጻፈው ዋናው ጽሑፍ፣ ይኸውም ሶርስ ኮዱ፣ ለፈለገ ሰው ሁሉ ተገልጦ የሚሰጥ፣ ከነሙሉ ሥልጣኑ የእናንተ የሚሆን ነው።

የጊዜውም ሁኔታ አስቸኰለን። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩም ከኢንቴል ወገን ከሆነ በደንቡ መሠረት በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ መሆን አለበት። አሁን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉትን ላፕቶፖች ብንቈጥር ስንቱ ይህን መስፈርት ያልፋል? ከአምስታችን የአንዱ ላፕቶፕ የተገዛው አባቱ በሬ ሸጠው በላኩለት ገንዘብ ነው። ያ ላፕቶፕ አራተኛ ትውልድ ነው፤ ስክሪኑ ደኅና፣ ቍልፎቹ ደኅና፣ ዲስኩም ደኅና ነው። ይህን ልጅ «ጊዜው አልፎበታልና ሌላ ግዛ» ማለት ለአባቱ «ሌላ በሬ ይሽጡ» ብሎ እንደ መላክ ነው።

አሁን ሊነክስ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ እንናገር። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ እኛ ደመራ በምናበራበት ዕለት መሆኑ ነው፣ ማንም ሰው ሊያሠራው፣ ሊመረምረው፣ ሊያካፍለውና ሊያሻሽለው የሚችል ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደሚጽፍ አስታወቀ፤ ስሙንም ግኑ አለው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በአገራችን መንግሥት ከተለወጠ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ፊንላንዳዊ ለትርፍ ጊዜ መዝናኛ የሚሆን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየጻፈ መሆኑን ለሌሎች ፕሮግራመሮች ገለጠ። ትልቅ ነገር ይሆናል ብሎም አላሰበም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን በግኑ ፈቃድ ሥር አወጣው። ይህ ፈቃድ የሚለው፣ የተቀበልኸውን ለውጠህ ለሌላ ስትሰጥ አንተ ያገኘኸውን መብት ለእርሱም ስጠው ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በፍጥነታቸው የተመረጡት 500 ሱፐር ኮምፒዩተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊነክስ ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ ከሥሩ ሊነክስ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ የተሠራበት ዲስፔስ፣ ጤና ሚኒስቴር መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2፣ እነዚህም የክፍት ሶፍትዌር ሥራዎች ናቸው። እንግዲህ «አናውቀውም» የምንለውን ነገር ሳናውቀው ስንጠቀምበት ኖረናል ማለት ነው።

ሊነክስ በብዙ ዓይነት ተሰናድቶ ይመጣል። በጣም የታወቀው ኡቡንቱ ሲሆን፣ ማርክ ሸትልወርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ባቋቋመው ድርጅት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ወጣ። ድርጅቱ እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ሲዲውን በፖስታ ያለ ዋጋ ይልክ ነበር። ቃሉ የደቡብ አፍሪካ ሕዝቦች ቃል ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሰዎች መካከል ነው እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ውስጥ ኔልሰን ማንዴላ የቃሉን ትርጕም ሲያብራሩ የሚያሳይ አጭር ፊልም አብሮ ይመጣ ነበር። እኚህ ሰው በ1954 ዓ.ም. የጦር ትምህርት የተማሩት በዚሁ በሰፈራችን በኮልፌ መሆኑን የኮልፌ ልጆች ሳታስታውሱን አትቀሩም።

ከሁሉ ይልቅ ልንናገርበት የምንወደው ግን ስለ ፊደላችን ነው።

ዩኒኮድ የሚባለው፣ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በቍጥር የሚመዘግበው ዝርዝር የግእዝን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሑፍ ሶፍትዌር ፊደሎቹን በየራሱ ቍጥር ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ይህን ለማየት የድሮ ጥናታዊ ጽሑፍ በፍላሽ ተቀብሎ መክፈት ይበቃል። ጸሓፊው በሕይወት አለ፤ ፋይሉም አለ፤ ጽሑፉ ግን አይነበብም። የሰዎች የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሻጭ የምስጢር ቍጥር ሲታሰር ይህን ይመስላል።

በክፍቱ ወገን የሆነው ሌላ ነው። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የግእዝን ፊደል በላቲን ቍልፍ ለመጻፍ የሚያስችል ሥርዓት አውጥተው ለማንም ሰው ሰጡ። ስሙ በእንግሊዝኛ ምኅጻር ሲነበብ «ሴራ» ይሁን «ሠራ» አንባቢ ይፍረደው። የ«ል»ን ቍልፍ ብቻ ብትመቱ «ል» ይጻፋል፤ ቀጥላችሁ አናባቢውን ስትመቱ «ለ» ወይም «ላ» ወይም «ሎ» ይሆናል። ይህ ሥርዓት ዛሬ በማናቸውም የታወቀ ሊነክስ ላይ ከነቅንብሩ ይገኛል፤ ክራክም ምዝገባም አይጠይቅም። የሊነክስ ዋና መሠረት በሆነው በግኑ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም የወራትን፣ የቀናትንና የገንዘብን አጻጻፍ የሚወስን የቋንቋ መዝገብ አለ። እዚያ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ሲዳምኛና ወላይትኛ ይገኛሉ። ግእዝም ይገኛል! ስንት ገዢ አገኛለሁ ብሎ የሚያሰላ ነጋዴ ለግእዝ አንዲት መስመር አይጽፍም ነበር። የተጻፈው የሚወደው ሰው ስለ ነበረና በሩ ስላልተዘጋበት ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር እንጨምር። ኢማክስ የሚባል የታወቀ የጽሑፍ ማዘጋጃ አለ፤ ጃፓናዊ ፕሮግራመሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የግእዝን ፊደል አስገብተውበታል። ውስጡ በብዙ ቋንቋ ሰላምታ የተጻፈበት አንድ ገጽ ሲኖር፣ በአማርኛ ተራ የተጻፈው ግን «ሠላም» ነው፤ በንጉሡ ሠ! ፊደል ጠባቂ የሆኑት የአማርኛ መምህራችን ይህን ሲያዩ «ሰላም በእሳቱ ሰ እንጂ በንጉሡ ሠ ማን ጻፈው?» ብለው ተቈጡ። ቍጣቸው ደስ አለን። በዝግ ፕሮግራም ላይ ቢሆን አጕረምርመን እንቀር ነበር፤ እዚህ ግን ማንም ተማሪ ፋይሉን ከፍቶ፣ አንዲቱን ፊደል ለውጦ፣ ምክንያቱን ጽፎ ለአዘጋጆቹ ሊልክ ይችላል። ይቀበሉት ይሆናል፤ አይቀበሉትም ይሆናል፤ ነገር ግን ይከራከሩበታል።

ነገሩ ሁሉ የተሟላ ነው እያልን አይደለም። ግኖም የሚባለውን የሊነክስ ገጽታ የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ አድጎ ትርጕሙ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቋንቋውን አማርኛ ብታደርጉት አንዱ መስመር አማርኛ፣ ቀጣዩ እንግሊዝኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከአምስታችን ሁለቱ ታግሠውታል፤ ሦስቱ ወደ እንግሊዝኛው ተመልሰዋል። «ፋይል» ይባል ወይስ «መዝገብ» በሚለው ላይ አንድ ሙሉ ምሽት ተጨቃጭቀናል፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም። የቋንቋ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ሥራ አጣን እንዳትሉ! የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር እንኳ ከሩቅ ሆነው የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ከነቅጥያቸው የሚተነትን ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም ጽፈው በክፍት ፈቃድ ሰጥተውናል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ከአምስቱ ላፕቶፖች በአራቱ ላይ ሊነክስ ሚንትን ጫንን፤ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ገጽታው እንግዳ አይሆንበትምና። አምስተኛው 2 ጊጋባይት ራም ብቻ ስላለው ዴቢያንን ቀለል ካለው ኤክስኤፍሲኢ ገጽታ ጋር ሰጠነው። የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ስለሚጎዳ በግቢው ኔትወርክ በሌሊት አንድ ጊዜ አውርደን ለአምስት ተከፋፈልነው፤ ይህን መካፈል ፈቃዱ ራሱ የሚፈቅደው እንጂ የሚከለክለው አይደለም።

ከሁሉ በፊት ፋይላችሁን አውጡ። ይህን ሦስት ጊዜ ብንለው አይበዛም፤ መጫን ማለት ዲስክ መክፈልና መደምሰስ ማለት ነውና። ላፕቶፑ አዲስ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውሱ ዲስኩን በቢትሎከር ቈልፎት ሊሆን ስለሚችል የመክፈቻውን ቍጥር አስቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ። ከዚያም ፋይሉን ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ አሳፍሩት፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ላፕቶፑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ኤፍ 12ን ወይም ኤፍ 2ን ወይም ኢስኬፕን፣ እንደየሥሪቱ፣ ደጋግማችሁ ምቱና ፍላሹን ምረጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ነገር አለ፤ ይኸውም ሊነክሱ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ ብቻ ተነሥቶ ይሠራል። ዋይፋዩ ይይዝ እንደ ሆነ፣ ድምፁ ይሰማ እንደ ሆነ፣ ፊደሉ ይጻፍ እንደ ሆነ አንድ ቀን ሙሉ ሞክሩት። ካልወደዳችሁት ፍላሹን ነቅላችሁ ወደ ቀድሞው ትመለሳላችሁ።

በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩ አልታወቀም። ስልክ በኬብል አገናኝተን ኢንተርኔቱን ከስልኩ ወሰድንና የጎደለውን ድራይቨር አወረድንለት፤ ሠራ። በሌላው፣ ባትሪው በሞተው ላይ፣ መጫኑ ከግማሽ ሲያልፍ መብራት ጠፋ። በኮልፌ ይህ ለማን አዲስ ነው? ፋይሉ አስቀድሞ ወጥቶ ስለ ነበር በማግሥቱ ከመጀመሪያው ጀመርነው፤ ከጊዜ በቀር የጠፋ የለም። ስለዚህ ባትሪያችሁ የማይዝ ከሆነ ጀኔሬተር ባለበት ቦታ አድርጉት።

ሾርትከት ቫይረስ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፍላሽ ውስጥ ያለውን ፎልደር ደብቆ በምትኩ የሐሰት ምልክት የሚተክለውን። ያን ፍላሽ በሊነክስ ስትከፍቱት የተደበቀው ፎልደር በግልጥ ይታያል፤ ቫይረሱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለ ሆነ ተጋድሞ ይቀራል። ጎረቤቶቻችን «የጠፋ ፋይል አውጡልን» እያሉ ፍላሽ ይዘው መምጣት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለ ፍጥነቱ ግን እውነቱን እንናገር። የበሬው ላፕቶፕ ዛሬ በደቂቃ ውስጥ ይነሣል፤ የዚህ ምስጋና ለሊነክስ ብቻ አይደለም። አሮጌውን የሚሽከረከር ዲስክ አውጥተን ኤስኤስዲ ስላስገባንበት ነው፤ ምናልባትም ትልቁን ሥራ የሠራው እርሱ ነው።

የማይስማማቸውም ሰዎች አሉ። አውቶካድ ለሊነክስ አይሠራም፤ ስለዚህ የአርክቴክቸርና የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ዊንዶውሱን ጨርሶ ያጥፋ አንልም። በፒችትሪ የሚማር የአካውንቲንግ ተማሪም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ዲስክ ላይ ማኖር ይችላሉ፤ ሲከፈት የትኛው እንዲነሣ ይጠይቃቸዋል። ለካርታ ሥራ ኪውጂስ፣ ለስታቲስቲክስ አር የተባለው አለ፤ ይህንንም ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የተባሉ ሁለት መምህራን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማሪያ ሲሉ የጀመሩት ነው። ለደብዳቤና ለመመረቂያ ጽሑፍ ሊብሬኦፊስ ይበቃል፤ ብቻ በዎርድ የተጻፈ ረጅም ሠንጠረዥ ሲከፈትበት አንዳንድ ጊዜ ይንሸዋረራል።

በዚህ ምክንያት ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለን። የቤት ሥራ ስትቀበሉ የጽሑፉን ፒዲኤፍ ብትቀበሉን፣ በምርምር ዘዴ ትምህርት ላይም «በኤስፒኤስኤስ ሠርታችሁ አምጡ» ከማለት ይልቅ ስሌቱን ጠይቃችሁ መሣሪያውን ለተማሪው ብትተዉለት፣ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ፕሮግራም ፍለጋ ከመዞር ትገላግሉናላችሁ። ተማሪው በትምህርት ቤት የለመደውን መሣሪያ ነው ነገ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይዞ የሚሄደው፤ መሥሪያ ቤቱም ወይ ይከፍልበታል፣ ወይ ይሰርቀዋል። ይህን ጉዳይ የትምህርት ክፍሎች በስብሰባቸው እንዲያዩት ማኅበሩ በጽሑፍ እንዲያቀርብልን እንጠይቃለን።

እስከዚያው ድረስ መሞከር የሚፈልግ ሁሉ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ክፍል ያገኘናል። አራት የተዘጋጁ ፍላሾች አሉን። ፋይላችሁን አስቀድማችሁ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ያለው ሰውም ቢያመጣ መልካም ነው፤ በክፍሉ ያለው ሶኬት ሁለት ብቻ ነውና።